እሱን ማን ጠየቀው?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያችን ዳይሬክተር ሽኝት አዘጋጀልኝ። ለስላሳ፣ ቆሎ፣ አንድ ጋቢና አንድ ረጅም ንግግር። ንግግሩ መሀል ላይ ደርሶ፣ «ሲስተር ጥሩነሽ የስንቱን ቤት ገመና ከድና የኖረች እናት ናት» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጋቢውን ተቀብዬ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያሞግሰኝ ነው የፈለገው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁበትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጠው።

እኔ የማንንም ገመና አልከደንኩም። ተደፍራ የመጣች ሴት ምን ገመና አላት? ገመናው የደፋሪው ነው። የእሱን ገመና የሚከድን ደግሞ ሞልቷል፤ ቤተሰቡ አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ አለቃው አለ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋውን የለበስነው እኛው አለን። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሽኝት መልስ እንዲሆን ነው። በዕለቱ ብናገረው ኖሮ ለስላሳው ይመርርባቸው ነበር።

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ሱሉልታ ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም ነበር፤ ስለሱ ማውራትም አልፈልግም። የማወራው እዚያ ስላየሁት በር ነው። አንዲት ሴት ተደፍራ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ መጀመሪያ የሚያገኛት ጥበቃው ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። ቀጥሎ ካርድ ክፍል አለ። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጥ ያለው ሰው ካልጮኸ አይሰማም፤ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ አብሯት የመጣው ሰው «ተደፍራ» ሲል አግዳሚው ላይ ልጇን ልታስከትብ የተቀመጠችው ሁሉ ዞራ ታያታለች። ከዚያ ጥያቄው ይወርድባታል። ስንት ሰዓት ነበር? በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ? ሰውየውን ታውቂዋለሽ? ጠጥተሽ ነበር? ምን ለብሰሽ ነበር? ይህን የሚጠይቀው ደግሞ ሐኪም ወይም ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ወለል የምትወለውለውም፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውም፣ ወረፋ የሚጠብቀውም ነው። እኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ተከስሳ፣ ተመስክሮባት፣ ተፈርዶባት ያለቀላት ናት። ከዚያ «ሴቶች ለምን ዝም ይላሉ?» የሚል ስብሰባ ይጠራና በስብሰባው ላይ የእነሱ ዝምታ እንደ በሽታ ይወራል።

ሱሉልታ ላይ ሲስተር ወይንሸት ባትኖር እኔም እንደዚያው ሆኜ እቀር ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ቁጡ ሴት ነበረች። ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ታካሚ ከመንካቷ በፊት እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ታሞቃለች። ወንበሩን ለታካሚዋ ትሰጥና እሷ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሴትየዋ ከላይ ወደ ታች እንድታያት። የታካሚዋ ወንበር ሁልጊዜ ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ ማን እንደሚገባ እንድታይና መውጣት ከፈለገች መንገዱ ክፍት መሆኑን እንድታውቅ። አጃቢ ካለ «ውጡ» አትልም፤ «ለምርመራው ንጹሕ ልብስ ያስፈልጋታል፣ ሂዱ አምጡላት» ብላ ትልካቸዋለች። ሰው ከተባረረ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከተላከ ግን ይሄዳል።

የመጀመሪያ ቃሏ «እንኳን መጣሽ» ነበር። እኔ መጀመሪያ ስሰማት ደነገጥኩ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር እንኳን መጣሽ ይባላል? ይባላል። ያቺ ሴት ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንት ጊዜ ደርሳ እንደተመለሰች አናውቅም። ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ትነግራታለች፤ አሁን ክንድሽን ላየው ነው፣ ልየው? አሁን ጀርባሽን፣ ልቀጥል? ሴትየዋ «ይቅር» ካለች ጓንቷን አውልቃ ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን ወረፋው በዝቶ እኔ ስጣደፍ አይታኝ፣ «ያ ሰውዬ አልጠየቃትም። እኛም ሳንጠይቃት ከነካናት ከእሱ በምን እንለያለን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የነካሁት ሰው የለም።

የልብስ አያያዝም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማስረጃ የሚሆን ልብስ ፌስታል ውስጥ ከገባ ይልባል፣ ይሻግታል፣ ይበላሻል። እሷ ከንጹሕ ካኪ ወረቀት ራሷ ፖስታ እየሠራች እያንዳንዱን ልብስ ለብቻው ታስገባ ነበር። አንድ ቃል ግን ከክፍሏ አባርራ ነበር፤ «ለምን» የሚለውን። ለምን ሄድሽ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ለምን ዛሬ መጣሽ የሚባል ነገር የለም። «ምን ሆነ፣ ከዚያስ?» ብቻ። እኔ ረስቼ ለምን ስል በእግሯ ጠረጴዛ ሥር ትረግጠኛለች። ነፍሷን ይማርና ስንት ጊዜ ረግጣኛለች!

ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ቡራዩ አለቃዬ የነበረው ዶክተር በእጁ የተባረከ፣ በአፉ የተረገመ ሰው ነበር። ከሕግ ቦታ የሚላክ ወረቀት ሲመጣ «ድንግል መሆን አለመሆኗ ተመርምሮ ይገለጽ» የሚል መስመር ይኖረው ነበር። ሁለት ልጅ የወለደች ሴት ወረቀት ላይ ሳይቀር ይህንኑ ጽፈው ልከው ያውቃሉ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። እኔ ሲስተር ወይንሸት እንዳስተማረችኝ፣ ያየሁትን ቁስል፣ ቦታውንና መጠኑን እጽፍና ከሥሩ «ለተጠየቀው ጥያቄ ሕክምና መልስ የለውም» ብዬ እተዋለሁ። ዶክተሩ ጠርቶ ይጮኽብኛል። «አንቺ ማን ነሽና ነው የተጠየቀውን የማትመልሺው?» «ዶክተር፣ ቤት ተዘረፈ ብሎ ላመለከተ ሰው፣ ከዚህ በፊት ተዘርፎ እንደሆነ ይመርመር ይባላል?» አልኩት። እድገቴ ለረጅም ጊዜ ቀረ። ይቅር። እሱ ራሱ ከጊዜ በኋላ ያቺን መስመር ባዶ መተው ጀመረ፤ ምክንያቱን ጠይቄው አላውቅም።

በመጨረሻ ሰበታ መጣሁ፤ ቤቴን የሠራሁትም እዚያው ነው። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጠዋትና ማታ መንገዱን የሚሞሉት ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቢፍቱ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሃያ ዓመቷ፣ የጫንጮ ገበሬ ልጅ፣ አንድ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። እናቷ አዴ ጌጤ እጇን ይዘው አመጧት። ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ ቢፍቱ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

«እንኳን መጣሽ» አልኳት። «ተቀመጪ። ምን ሆነ?»

ሱፐርቫይዘሯ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ፣ ያልተቆጠረ ካርቶን አለ ብሎ ወደ መጋዘን ጠራት። አለቃ ሲጠራ ይኬዳል፤ ሄደች። በሩን ቆለፈው። የቀረውን እኔ አልጽፈውም፤ እሷ አንድ ጊዜ ተናግራዋለች፣ ይበቃል። ችግሩ፣ ይህ ከሆነ ሳምንት አልፎት ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር ያለበት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጊዜው አልፏል፤ ልብሱ ታጥቧል፤ ገላዋም ታጥቧል። ለካ እናቷ ነገሩን በሰሙበት ቀን ወደ ጸበል ወስደዋት፣ ሱባዔ አስይዘው እያስጠመቋት ነበር።

ደሜ ፈላ። «አዴ ጌጤ፣ ምነው መጀመሪያ ወደዚህ ብታመጧት?» አልኳቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ሲስተር፣ ወደ እናንተ ባመጣት አገር ያውቃል። ጸበል ብወስዳት ታማለች ይባላል፣ በቃ። ደግሞ...» አሉ። «ደግሞ ምን?»

«ደግሞ ልጄ መጮህ ነበረባት። ጸበል ቦታ ሰው ቢጮህ፣ ቢንፈራፈር፣ ምን ሆነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

በዚህ ሁሉ አገር፣ በዚህ ሁሉ መሥሪያ ቤት መሀል፣ አንዲት ሴት ሳትጠየቅ የምትጮህበት አንድ ቦታ ብቻ አግኝተው ልጃቸውን ወሰዱ። በእናትየው መናደዴን ተውኩ፤ ንዴቱ ግን አልሄደም፣ አድራሻ ቀየረ እንጂ።

ያም ሆኖ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ክንዷና ጀርባዋ ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም ነበር፤ ቀለሙን፣ ቦታውን፣ ስፋቱን አንድ በአንድ መዘገብኩ። የተቀደደው ሹራቧ ብቻ አልታጠበም ነበር፤ አልጋ ሥር ተወርውሮ ተገኘ፤ ካኪ ወረቀት ውስጥ አስገብቼ አስረከብኩ። መጋዘኑ ሲቆለፍ ያየች አንዲት የሥራ ባልደረባዋም ለመመስከር እሺ አለች። ሰውየው ተያዘ፤ ቃሉን ሲጠየቅ «አልነካኋትም» አለ፣ ጻፉለት፣ አለቀ። ቢፍቱን ግን ግማሽ ቀን ጠየቋት። ቢሆንም ጉዳዩ ጥሩ ይሄድ ነበር። ዐቃቤ ሕጓም ጎበዝ ልጅ ነበረች።

ከዚያ አዴ ጌጤ ደወሉ። «ሲስተር፣ እሁድ ሽማግሌ ሊመጣብን ነው።»

እሁድ ከሰበታ ተነስቼ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ቀይሬ ጫንጮ ደረስኩ። የቢፍቱ አባት ኦቦ ደቻሳ ቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። «አካም ጂርቱ» ተባብለን ገባን። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ላይ ያለው አፈር ከፊታቸው ይበልጥ ይናገራል። ቢፍቱ ጓዳ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። መሪያቸው ኦቦ ለሚ ነበሩ፤ በአገሩ ድርቅ ያለ ጠብ ያበረዱ፣ ደም ያስታረቁ፣ የተከበሩ ሰው። ለእሳቸው ያለኝን አክብሮት ያጣሁት በዚያ ቀን ነው።

«ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ለሚ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

ይህ የአገሩ ደንብ ነው። ሽማግሌ ለእርቅ ሲመጣ ቃል ካልተሰጠው አይቀመጥም፤ ሽበት ያለው ሰው ቤትህ ውስጥ ቆሞ ከዋለ ነውሩ ያንተ ነው። ስንት ጥሩ ነገር የሠራ ደንብ ነው፤ በእሱ የስንት ሰው ነፍስ ተርፏል። ያን ቀን ግን እዚያች ቤት ውስጥ የሽማግሌዎቹ መቆም አንድ ትልቅ ድንጋይ ሆኖ ኦቦ ደቻሳ ትከሻ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ተናገሩ። ሰውየው ባለትዳር ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ይታሰር ቢባል ማን ይጠቀማል? ልጅቷስ ፍርድ ቤት ቆማ ስሟ ከሚነሳ በጓዳ ቢያልቅ አይሻላትም? አንድ ጊደር ያመጣል፣ ይቅርታም ብሏል። ይቅርታውን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ እሱ አልመጣም።

አልቻልኩም። «ልጅቷ ጓዳ ናት፤ እሷን ጠይቋት» አልኩ።

ኦቦ ለሚ ዞር ብለው አዩኝ። እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበር የሚሉኝ። «አንቺ መርፌሽን ውጊ» አሉኝ።

ኦቦ ለሚ መቆሙ ደክሟቸው ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ኦቦ ደቻሳ ይህን አዩ። እኔ ደግሞ ኦቦ ደቻሳን እያየሁ፣ እሺ አይበሉ፣ እባክዎ እሺ አይበሉ እያልኩ በሆዴ እለምን ነበር። «እሺ። ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

በሕጉ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእርቅ አይዘጋም። ሰው ግን ይዘጋዋል። ምስክሯ ልጅ በቀጠሮው አልመጣችም። ቢፍቱ አባቷ ቃል ሰጥተዋልና ችሎት ቆማ «አላስታውስም» አለች። የሰውየው ጠበቃ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው። ለምን መጋዘን ገባች? ለምን አልጮኸችም? ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አለች? ሰንበሩስ ጸበል ቦታ ተገፍታ ቢሆንስ? እኔ ስመሰክር የጻፍኩትን አንድም ቃል አላጠፍኩም፤ ግን የሰንበር ምስክር ብቻውን የት ይደርሳል? ሰውየው በነፃ ተሰናበተ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢፍቱ ከሥራ ተባረረች፤ የድርጅት ስም አጥፍተሻል ተብላ።

ከችሎቱ ስንወጣ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ «ሲስተር፣ ምን ያህል ሰው እንደጠየቀኝ ያውቃሉ?» አለችኝ። «ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ አክስቴ፣ አከራዬ፣ የሰንበቴ ሰዎች፣ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች። ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እሱን ማን ጠየቀው?» ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም፤ ወደ ጫንጮም አልሄደችም። ሰበታ እኔ ቤት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ መስፋት ጀመረች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ ከኋላቸው ኦቦ ለሚና ሌላ አንድ ሽማግሌ። «ልጄ ፋሲካን ቤቷ እንድትውል ልለምናት ነው፤ ይውሰዱን» አሉኝ። ሽማግሌ ይዞ ወደ ገዛ ልጁ! ከኦቦ ለሚ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ወሰድኳቸው።

ቢፍቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ወንበር አቀረብኩ። «አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ለሚ፣ በለመዱት ድምፅ። «ለአባትሽ እሺ ካላልሽ አንቀመጥም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲያው ቁሙ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ፣ መኪናው እየተንኳኳ፣ አንድ የቀሚስ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ጨረሰች። እኔ በሕይወቴ ሽማግሌ ቆሞ ሲውል አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «አባዬ፣ ያን ጊዜ እሺ ከማለትህ በፊት እሱን ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?» አለች።

ኦቦ ደቻሳ ኦቦ ለሚን አዩ። ኦቦ ለሚ መሬት አዩ።

«ምንም አልጠየቅነውም» አሉ አባቷ።

«ሂዱና ጠይቁት። ከዚያ ኑ።»

ኦቦ ደቻሳ ወጡ። በር ላይ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሲስተር፣ የፋብሪካውን በር ያሳዩኝ» አሉ። ኦቦ ለሚ ሊያግዷቸው ክንዳቸውን ያዙ፤ ኦቦ ደቻሳ አስለቀቋቸው፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ተከተሉን። በባጃጅ ደረስን። ቢፍቱ መቀሷን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ማንም ነይ ሳይላት በሌላ ባጃጅ ተከትላን መጣች። ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ እየወጡ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ወጣ።

«የቢፍቱ አባት ነኝ» አሉት ኦቦ ደቻሳ፣ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ልጄን መጋዘን ውስጥ ምን አደረግሃት?»

ሰውየው ግራ ቀኝ አየ። «ኦቦ፣ በእርቅ ያለቀ ነገር... ልጅዎ ራሷ እኮ...»

«ስለ እሷ አልጠየቅሁህም። አንተ ምን አደረግህ?»

«ሽማግሌ ገብቶበት...»

«ሽማግሌዎቹ እነዚህ ናቸው። ይስሙህ። ንገረን።»

ሴቶቹ ቆሙ። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚለው የታክሲ ረዳት እንኳ መጣራቱን ትቶ ዞረ። ሰውየው ተመልሶ ወደ ግቢው ገባ፤ ጥበቃው የብረቱን በር ከኋላው ገፍቶ ዘጋው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ «ይመልስ እንጂ!» አለች። ሌላዋ «ይመልስ!» አለች። ከዚያ ብዙ ሆኑ። ቢፍቱ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ያ ነገር ከደረሰባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያየው እሷን አልነበረም። የሚያየው የተዘጋውን በር ነበር።